የከተማችሁ እንጀራ ከየት ይመጣል? ሥራን በዘርፍ የመቁጠሪያ መላ

ሐዋሳ ላይ እንጀራ እየጋገርኩ ማከፋፈል የጀመርኩት በ2009 ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ተመርቆ ሠራተኛ የሚቀጥርበት ጊዜ ነበር። ልጆቹ ከየወረዳው ይመጡና አራትም አምስትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ከፈረቃ ሲወጡ ደክሟቸው ስለሚገቡ አይጋግሩም፣ ይገዛሉ። ሦስት ምጣድ ገዛሁ፣ ሁለት ልጆች ቀጠርኩ።

በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ ለአሜሪካ ከመሸጥ ዕድል፣ ስታስወጣ ለውጭ የሚሸጠው ፓርክ ተጎዳ፤ የደንበኞቼም ክፍሎች አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። ሁለቱን ምጣድ ሸጥኩ። ደንበኞቼ ብዙ ነበሩ፤ የሁሉም ደሞዝ ግን የሚመጣው በአንድ በር ነበር። ይህን አስቀድሜ መቁጠር እችል ነበር። ዘዴውን በኋላ ያሳየኝ ኢኮኖሚክስ የተማረው የአክስቴ ልጅ ነው። ሱቅ ለመክፈት፣ ክፍል ሠርቶ ለማከራየት ወይም ልጁን ሙያ ለማስተማር ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር መለየት አለባችሁ። የምትጠይቁት «ሰውየው ምን ይሠራል?» ብላችሁ አይደለም። «የሚሠራበት ቤት ምን ይሠራል?» ነው ጥያቄው። የሆስፒታል ጥበቃ የሚቆጠረው ጤና ውስጥ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሾፌር ፋብሪካ ውስጥ እንጂ ትራንስፖርት ውስጥ አይገባም። ጥበቃው በኤጀንሲ የተቀጠረ ከሆነ ግን ወደ ኤጀንሲው ዘርፍ ይሄዳል። ባጃጅ ነጂው ትራንስፖርት ነው፤ ባጃጁን የሚጠግነው ጋራዥ ደግሞ በዓለም አቀፉ የሥራ ዘርፍ አመዳደብ ለብዙ ዓመት ከንግድ ጋር ነበር የሚቀመጠው። እኔ ራሴን ነጋዴ ነኝ ስል ኖሬ፣ ጋግሮ መሸጥ የሚመደበው ከአምራች ኢንዱስትሪ ጋር መሆኑን ስሰማ ገርሞኛል።

ዓለም አቀፉ አመዳደብ ከሃያ በላይ ዋና ዋና ዘርፎች አሉት። ለእኛ ለተራው ሰው ስምንት ይበቃል፦ ግብርና (ዓሣ ማስገርም እዚሁ ነው)፣ ፋብሪካና ምርት፣ ግንባታ፣ ንግድ፣ ትራንስፖርት፣ ሆቴልና ምግብ ቤት፣ ትምህርትና ጤና፣ የመንግሥት አስተዳደር። ሁለት ሥራ ያለውን ሰው ብዙ ሰዓት በሚያጠፋበት ሥራ መዝግቡት፤ ሁለተኛውን ከጎኑ ጻፉለት።

ከዚያ ወረቀት ፈልጉ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በ2013 የሠራተኛ ኃይል ጥናት አድርጓል። ስታነቡት አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በእንዲህ ዓይነት ጥናት ባለፉት ሰባት ቀናት አንድ ሰዓት እንኳ የሠራ ሰው «ሥራ ያለው» ተብሎ ይቆጠራል። ግማሽ ቀን ሲሚንቶ ያወረደ ልጅም እዚያ ውስጥ አለ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ስለሆነ ለዛሬዋ ሐዋሳ አያስተማምንም። የንግድ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ጥሩ ነው፣ ግን የሚቆጥረው ፈቃድን እንጂ ሰውን አይደለም። ጉሊት ላይ ቲማቲም የምትሸጠዋ እናት እዚያ የለችም።

ስለዚህ በእግራችሁ ሂዱ። አንድ መንገድ ምረጡ፤ አንድ የሥራ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያው ተመለሱ። ታፔላ አትቁጠሩ፣ ሰው ቁጠሩ። እኔ በሰፈሬ አንድ መንገድ ላይ 31 ሱቅ አግኝቼ ነበር፤ ውስጣቸው ሲሠራ ያየሁት ግን 44 ሰው ብቻ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ያለው አንድ የሕንፃ ግንባታ ብቻውን ከዚያ በላይ ሰው ይዟል። ታፔላ የሚቆጥር ሰው ሰፈሩ በንግድ የሚኖር ይመስለዋል።

ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄጄ ስቆጥር ደግሞ አንድ ዓሣ ስንት ዘርፍ እንደሚያልፍ አየሁ። መረብ የሚጥለው ግብርና ነው። ዳር ላይ ተቀብላ የምትሸጠዋ ንግድ ናት። ጠብሳ ወይም ሾርባ ሠርታ ለእንግዳ የምታቀርበው ምግብ ቤት ናት። ሐይቁ ዓሣ ቢያጣ ሦስቱም አብረው ይጎዳሉ። ወረቀት ላይ ሦስት ዘርፍ ናቸው፣ የተንጠለጠሉት ግን በአንድ ሐይቅ ላይ ነው።

የምትቆጥሩበትን ሳምንት አስቡበት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ለታ፣ ሐዋሳ ሆቴል አይገኝም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ሲሆንም እንደዚያው ነው። ክረምት ላይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲወጣ በሩ አካባቢ ያሉ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ። ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ወቅት ቁጠሩ።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። በእያንዳንዱ ዘርፍ ጎን «ገንዘቡን ማን ያመጣዋል?» ብላችሁ ጻፉ። ፋብሪካው የሚሸጠው ለውጭ አገር ነው። ሆቴሉ የሚቀበለው ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ነው። የዩኒቨርሲቲው ደሞዝ ከመንግሥት በጀት ነው። እነዚህ ከከተማዋ ውጭ ያለ ገንዘብ ወደ ከተማዋ ያስገባሉ። ፀጉር ቤቱ፣ ባጃጁ፣ ሱቁ፣ የእኔም ምጣድ ያንኑ ገንዘብ እርስ በርስ እንቀባበላለን። ከውጭ የሚያስገባው ሲቆም እኛ ጋ የሚደርሰው ትንሽ ቆይቶ ነው፤ መድረሱ ግን አይቀርም።

የመንግሥት ደሞዝ አይነካም የምትሉ ካላችሁ፣ እኛ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ሐዋሳ ለብዙ ዓመት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። በ2012 ሲዳማ ክልል ሆነ፣ በ2015 መጨረሻ የቀረው ደቡብ ሲከፈል ቢሮዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ ተበተኑ። የሲዳማ ክልል ቢሮዎች እዚሁ ናቸው። ያም ሆኖ ጎረቤቴ እማማ ለቢሮ ሠራተኞች ያከራዩአቸው የነበሩ ሦስት ክፍሎች በአንድ ዓመት ውስጥ ተለቀቁ።

አንድ ቀላል ሂሳብም አለ። እንበል በከተማችሁ ከ100 ሠራተኛ 12ቱ ሆቴልና ምግብ ቤት ነው የሚሠራው። በአገሪቱ ከተሞች በአማካይ 4 ነው እንበል። 12 ለ4 ሲካፈል 3 ይሆናል። ከ1 በላይ ከወጣ ከተማዋ በዚያ ዘርፍ ከራሷ አልፋ ለሌላ ሰው ትሠራለች ማለት ነው። ከ1 በታች ከሆነ ምናልባት ከሌላ ቦታ ታመጣለች፤ አዲስ ሥራ የሚፈልግ ሰው እዚያ ጋ ይመልከት። ከተማን ከከተማ ጋር ብቻ አወዳድሩ። ገጠሩን ከጨመራችሁት አብዛኛው ገበሬ ስለሆነ ሂሳቡ ይዛባል።

እኔ ዛሬ ደብተሬ ላይ ደንበኞቼን በአራት ዓምድ እጽፋለሁ፦ ፓርክ፣ ሆቴል፣ ትምህርትና ጤና፣ ሌላ። አንዱ ዓምድ ከእንጀራዬ ሲሶ እንዲያልፍ አልፈቅድም። ባለፈው ወር አንድ ሆቴል ራሱ መጥቶ በቀን 300 እንጀራ እንዳቀርብለት ጠየቀኝ። በቀን የምጋግረው 360 ነው። 100 ብቻ እሺ አልኩት፤ ሌላውን ለሰፈሬ ልጅ አሳለፍኩላት። እሷ ምጣድ የገዛችው ገና በጥር ነው፤ ደብተሩን አብረን አስምረናል።