ታጣፊ ባለ ፒንሳ የኪስ መሣሪያን እንዴት ፎቶ ማንሳትና መገምገም ይቻላል

ሲታጠፍ ኪስ ውስጥ የሚጠፋ፣ ሲከፈት ግን ፒንሳ፣ ቢላ፣ ካቻቢቴ፣ ሞረድና ቆርኪ መክፈቻ የሚወጣው መሣሪያ የማይጠቅመው ሰው የለም። የባጃጅ ሹፌር፣ ኤሌክትሪሺያን፣ አጥሩን በሽቦ የሚጠግን ገበሬ፣ ሁሉም ይፈልገዋል። ችግሩ ሲገዙት ነው። ደብረ ብርሃን ያለ ሻጭ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላለ ገዢ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ይልካል። መሣሪያው ሁሉም ምላሱ ወጥቶ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቷል፣ ያብረቀርቃል፣ ያምራል። ከዚያ ፎቶ ግን ገዢው ማወቅ የሚገባውን አንድም ነገር አያውቅም።

የእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ጥራትም ሆነ ጉድለት የሚታየው ሦስት ቦታ ነው፦ የፒንሳው አፍ ጫፍ ላይ፣ ሽቦ መቁረጫው ላይ እና ማጠፊያው ላይ። ስለዚህ ፎቶ ማንሳትና መገምገም አንድ ሥራ ናቸው። ካሜራው መሄድ ያለበት እጅና ዓይን የሚፈትሹት ቦታ ነው። ለመሸጥም ይሁን ለመግዛት፣ ወይም ለወዳጅ ምክር ለመስጠት፣ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ማዘጋጀት

መሣሪያው ያገለገለ ከሆነ ከማጽዳትዎ በፊት አንድ ፎቶ ያንሱት። ዝገት ካለው ዝገቱ ይታይ፤ ፈግፍጎ አስወግዶ እንደ አዲስ ማቅረብ ገዢን ማታለል ነው። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ማጠፊያው ውስጥ የተጠራቀመውን አፈርና የኪስ ብናኝ ያውጡ፣ በደንብ ያድርቁ። ዘይት አሁን አይቀቡት፤ ዘይት የነካው ብረት ፎቶ ላይ ያለ ቦታው ያበራል።

በደጋው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደብረ ብርሃንና መንዝ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ነው። መኪና ውስጥ ወይም ደጅ ያደረ ብረት ቡና ወደሚፈላበት ክፍል ሲገባ ወዲያው ጤዛ ይለብሳል። ያንን ጤዛ እየጠረጉ ፎቶ ማንሳት ድካም ብቻ ነው፣ ጠብታውም ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። መሣሪያውን ገና ደጅ ሳለ በፌስታል ጠቅልለው አፉን አስረው ያስገቡት። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀመጣል። ብረቱ የክፍሉን ሙቀት ሲይዝ ይፍቱት።

ብርሃን

ብረት እንደ መስታወት ነው፤ ፎቶው ላይ የሚወጣው ብረቱ ብቻ ሳይሆን ከፊቱ የቆመው ሁሉ ነው። ቀይ ሹራብ ከለበሱ ቀይ ይሆናል፣ ሰማዩ ከላይ ካለ ሰማያዊ ይሆናል። እዚህ ደጋ ላይ የቀትር ፀሐይ ከባድ ነው፤ ከ6 ሰዓት አካባቢ ደጅ ላይ ያነሱት ፎቶ ግማሹ ነጭ እሳት፣ ግማሹ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። የፒንሳው ጥርሶች በዚያ ውስጥ አይታዩም።

የሚሻለው ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ወይም በር አጠገብ መቀመጥ ነው። ከበሩ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብለው መሣሪያውን ያስቀምጡ፤ ብርሃኑ ከአንድ ጎን ይምጣ። በሌላው ጎን ነጭ ወረቀት ያቁሙ፣ ብርሃኑን መልሶ ጨለማውን ያለሳልሰዋል። የቤቱን አምፖል ያጥፉ፤ የመስኮት ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ሲደባለቁ ብረቱ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። ክረምት ላይ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ደግሞ ለዚህ ሥራ በጣም ምቹ ነው፣ ደጅ ላይም ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድም እንዲሁ፤ ብቻ የስልኩን መነጽር ደጋግመው ይጥረጉ።

አንድ ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር አለ። ዙሪያውን ሁሉ ነጭ ካደረጉት ብረቱ ድንበሩን ያጣል፣ የፒንሳው አፍ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ብርሃኑ ከሚመጣበት በተቃራኒ፣ ከፎቶው ክፈፍ ትንሽ ውጪ፣ አንድ ጥቁር ነገር ያስቀምጡ። የታጠፈ በርኖስ ይሁን የጥቁር ደብተር ሽፋን ለውጥ የለውም። በብረቱ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይወጣል፣ ቅርጹም ወዲያው ይለያል።

በርኖሱን ከሥር ለማንጠፍ ግን አይጠቀሙበት። የመንዝ ሱፍ ለብርድ አቻ የለውም፣ ለዚህ ግን ፀጉሩ ማጠፊያው ውስጥ ይሰካል፤ የስልኩም ትኩረት ከብረቱ ይልቅ ፀጉሩ ላይ ያርፋል። ከሥር ያልተቀባ ሳንቃ ወይም የካርቶን ጀርባ ይሻላል። ነጭ ወረቀት ላይ ስልኩ ብርሃኑን ይቀንስና ብረቱ ይጠቁራል፤ ጥቁር ጨርቅ ላይ ደግሞ ብርሃኑን ይጨምርና ብረቱ ይነጣል። ካርቶን መሀከለኛ ነው።

ስልኩን መያዝ

መነጽሩን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ወደ መሣሪያው በጣም አይጠጉ፤ ስልክ ከቅርብ ሲያነሳ ፊት ለፊት ያለውን ያገዝፋል፣ የፒንሳው ራስ ከእጀታው በላይ ትልቅ መስሎ ይወጣል። ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ርቀው ባለ 2 እጥፍ ማቅረቢያውን ይጠቀሙ። ስክሪኑ ላይ የማጠፊያውን ብሎን ነክተው ጣትዎን ትንሽ ያቆዩ፣ ትኩረቱ ይቆለፋል። ከዚያ ብርሃኑን ወደ ታች ይሳቡ። የነጣው የብረቱ ቦታ ላይ የሞረድ ጭረቶች መታየት ሲጀምሩ ያቁሙ። ስልኩን የተደራረበ መጽሐፍ ላይ አስደግፈው በ3 ሰከንድ ቆጣሪ ያንሱ፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። ፍላሽ አያብሩ።

የሚያስፈልጉት ፎቶዎች ብዙ አይደሉም። ታጥፎ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም ተቀምጦ። ማስመሪያው ከመሣሪያው የላይኛው ገጽ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፤ ዝቅ ካለ መሣሪያው ከእውነቱ በላይ ረዝሞ ይታያል። ቀጥሎ ፒንሳው ተከፍቶ ከላይ፣ ከዚያ ከጎን። በመጨረሻ ቅርብ ቅርቡ፦ የአፉ ጫፍ፣ መቁረጫው፣ የማጠፊያው ብሎን፣ የቢላው ስለት፣ ብረቱ ላይ የተመታው የአምራቹ ስም።

ፍተሻው

ሱቅ ውስጥ ከሆኑ ኪስዎ ውስጥ አንድ ወረቀትና አጭር የማሰሪያ ሽቦ ይኑር። «ጋሼ፣ ከፍቼ ልየው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሽቦ ለመቁረጥ ግን ለብቻው ያስፈቅዱ። ሲከፍቱ ቀስ ይበሉ፤ አዲስ ሞላ ጠንካራ ነው፣ ትንንሾቹ ምላሶች ተጠጋግተው ስለሚወጡ ጣት ይቆርጣሉ።

ፒንሳውን ጨብጠው አፉን ወደ ሰማይ ወይም ወደ መስኮት አቅንተው ይዩ። ሳይጫኑት ጫፎቹ መነካካት አለባቸው። ከጫፉ ኋላ ቀጭን ብርሃን ቢታይ ክፋት የለውም፣ ጨበጥ ሲያደርጉት ይዘጋል። ጫፉ ላይ ብርሃን ከታየ ግን፣ ወይም አንዱ ጫፍ ከሌላው ጎን ወጣ ብሎ ከተቀመጠ፣ ያ ፒንሳ ቀጭን ነገር አይዝም። ወረቀቱን በጫፉ ብቻ ነክሰው ይሳቡት። ካመለጠ፣ ከሸዋ ሮቢት ቆላ የግራር እሾህ ይዞ የመጣ እግርም በዚህ ፒንሳ እሾሁ አይወጣለትም፤ የትንሽ ፒንሳ ዋና ጥቅም ደግሞ እንዲህ ያለው ሥራ ነው። ይህንን ብርሃን ከጀርባ አድርገው ፎቶ ያንሱት። ከሁሉም ፎቶዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ቀጥሎ ማጠፊያው። ሁለቱን እጀታዎች ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ያወዛውዙ፣ የሌላውን እጅ ጥፍር በብሎኑና በብረቱ መጋጠሚያ ላይ አድርገው። ዓይን ያላየውን መላላት ጥፍር ይሰማዋል። ጥቂት መላላት በአዲሱም ላይ አለ፤ ጫፎቹ እርስ በርስ እስኪተላለፉ የሚላላ ከሆነ ግን ይተዉት። ብሎኑ ራሱ ምን ዓይነት እንደሆነም ይዩ። የካቻቢቴ ወይም የኮከብ ቅርጽ ቀዳዳ ካለው ሲላላ ማጥበቅ ይቻላል። ተቀጥቅጦ የተዘጋ ሪቬት ከሆነ በቀላሉ አይጠብቅም።

መቁረጫውን በለስላሳ የማሰሪያ ሽቦ ይፈትኑ፣ ፌሮ ሠራተኞች ብረት በሚያስሩበት ዓይነት። ሽቦውን ወደ ማጠፊያው አስጠግተው ያስገቡ፤ ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው። የሚቆረጠውን ጫፍ ወደ መሬት ያዙሩ፣ ዓይን ያርቁ፣ መነጽር ካለ ያድርጉ። ሞላ፣ የጠነከረ ምስማርና የሞተር ፍሬን ገመድ ላይ አይሞክሩት፤ ደህናውም ይጎረደፋል። ከቆረጡ በኋላ ስለቱን ወደ ብርሃን ያዙሩ። ያልተጎዳ ስለት ብርሃን አይመልስም፣ ፊት ለፊት ሲያዩት ጥቁር መስመር ነው። ነጥብ ነጥብ ሆኖ የሚያበራ ቦታ ካለ እዚያ ተጎድቷል። ይህም በፎቶ ይወጣል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ፦ የእነዚህ መሣሪያዎች እጀታ ባዶ ብረት ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መብራት ባለበት ሽቦ ላይ በፍጹም አይጠቀሙበት፤ ቆጣሪው ጋ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ወርዶ፣ መብራት መጥፋቱም ተረጋግጦ መሆን አለበት።

ስለ ቢላው፣ ብዙ ሰው ማግኔት ይዞ ይመጣና «ከያዘው ስቴንለስ አይደለም» ይላል። ይህ ለማንኪያ ይሠራ ይሆናል፣ ለስለት ግን አይሠራም። ለቢላ የሚሆን የማይዝግ ብረት፣ ለምሳሌ 420 የሚባለው፣ በእሳት ግሎ፣ ተነክሮ የሚጠነክር ዓይነት ስለሆነ ማግኔት ይይዘዋል። ጥንካሬን የማይቀበለው፣ ለድስትና ለማንኪያ የሚውለው 304 ነው በአብዛኛው ማግኔትን የማይስበው። ስለዚህ ማግኔቱን ይተዉትና ወረቀቱን ይቁረጡ፤ ሳይቀድድ ከሥር እስከ ጫፍ መሄድ አለበት። ቢላው ሲከፈት የሚቆለፍ መሆን አለመሆኑንም ይዩ። ብዙዎቹ ትንንሾች የሚያቆማቸው ሞላ ብቻ ነው፣ መቆለፊያ የላቸውም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ገዢው ግን ሊነገረው ይገባል፣ ጣቱ ነው የሚከፍለው።

ካቻቢቴው የማብሪያ ማጥፊያ ክዳን ብሎን ላይ ሳይንሸራተት ከገጠመ ይበቃል። ሞረዱና ቆርኪ መክፈቻው ብዙ ምርመራ አይፈልጉም።

እጀታውን ግን አይዝለሉት። ፒንሳውን አንድ ነገር አስነክሰው ጠበቅ አድርገው ይያዙና መዳፍዎን ይዩ። ጠርዙ መስመር አስምሮ ከቀረ ለግማሽ ሰዓት ሥራ አይሆንም። በውርጭ ጊዜ በደነዘዘ ጣት ምላሱን ማውጣት ይቻል እንደሆነም ይሞክሩ፤ የጥፍር ማስገቢያው ጠባብ ከሆነ ጠዋት ጠዋት አይከፈትልዎትም።

ልኩን ከሥራው ጋር ማስተያየት

ሐሳቡን ዓለም ላይ ያስፋፋው አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አውሮፓን በአሮጌ ፊያት ሲዞር መኪናው በየመንገዱ አስቸገረው፣ በኪሱ የነበረው ሰንጢ ደግሞ ፒንሳ አልነበረውም። ድርጅቱን ያቋቋመው በ1983 ነው። የዚሁ ድርጅት ሁለት መሣሪያዎች ልዩነቱን በደንብ ያሳያሉ፦ ስኩዊርት ፒኤስ4 የተባለው ታጥፎ 5.7 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቱም 56 ግራም ያህል ነው፤ ዌቭ ፕላስ ደግሞ 10 ሳንቲሜትርና 241 ግራም። የመጀመሪያው ከቁልፍ ጋር ይንጠለጠላል፣ የመነጽር ብሎን ያጠብቃል፣ እሾህ ያወጣል፣ ቀጭን ሽቦ ይቆርጣል። የባጃጅ ቡሎን ግን አይፈታም፣ ከእርሱም ያንን መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ ግምገማዎ ላይ ርዝመቱንና በወጥ ቤት ሚዛን የመዘኑትን ክብደት ይጻፉ፣ ከዚያ ለምን ሥራ እንደሚሆንና እንደማይሆን በግልጽ ይናገሩ።

ጉድለት ካገኙ ፎቶው ላይ በቀይ ክብ ያድርጉበት፣ ከሥሩም በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሆነ ይጻፉ፦ «መቁረጫው ላይ አንድ ጉርድ አለ፣ የማሰሪያ ሽቦ ይቆርጣል»። እንዲህ የተጻፈበት ዕቃ ዋጋው ትንሽ ዝቅ ይል ይሆናል፣ ገዢው ግን ደብረ ሲና ድረስ መጥቶ ተጣልቶ አይመለስም።

ሲጨርሱ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ጠብ አድርገው ከፈት ዘጋ ያድርጉት፣ ትርፉን ይጥረጉ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ሲላኩ ይጨመቁና የፒንሳው ጥርስና የስለቱ ጉርድ ይደበዝዛሉ።