የኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

የኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ ወደ ብዙ ቤት የሚገባው በስጦታ ነው፤ ከውጭ በመጣ ሻንጣ ውስጥ፣ ከሽቶና ከቪታሚን ጋር። መመሪያው ሳይነበብ ካርቶኑ ይጣላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዕቃው መሳቢያ ውስጥ ይገባና «አይሠራም» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብሩሹ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው ወይ በተሰካበት መብራት ላይ ነው፣ ወይ በያዘው እጅ ላይ። ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች በዚሁ ቅደም ተከተል የቀረቡ ናቸው፤ መጀመሪያ የመብራቱ፣ ቀጥሎ የእጁ፣ በመጨረሻም የዕቃው።

ተሰክቷል፣ ግን አይሞላም

ብሩሹ ከየት አገር እንደተገዛ ያረጋግጡ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካና የካናዳ ግን 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ሁለቱንም ስለሚቀበሉ ሰው የጥርስ ብሩሹንም እንደዚያው ይቆጥረዋል። ይህ ግምት ብዙ ቻርጀር አቃጥሏል። በአሜሪካ ገበያ ከሚሸጡት የኦራል ቢ ብሩሾች ብዙዎቹ ቻርጀራቸው ለዚያው አገር መብራት ብቻ የተሠራ ነው። ከፊሊፕስ ሶኒኬር ቻርጀሮች ብዙዎቹ ሁለቱንም ዓይነት መብራት ይቀበላሉ። ይሁንና በስም መተማመን አይበቃም። የቻርጀሩን መቀመጫ ይገልብጡና በደቃቁ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። «100-240» ወይም «220-240» የሚል ከሆነ ያለ ሥጋት ይሰኩት። «120» ወይም «110-130» ብቻ ከሆነ ግድግዳው ላይ በቀጥታ አይሰኩት። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከኤምሬትስ የመጣ ከሆነ ብዙም አያሳስብም፤ የእነዚህ አገሮች መብራት 230 ቮልት ነው።

ጠፍጣፋውን የአሜሪካ መሰኪያ ወደ ክብ የሚለውጠው ትንሽ አዳፕተር የሚለውጠው ቅርጹን ብቻ ነው፤ ቮልቱ ያው 220 ሆኖ ያልፋል። ቮልቱን የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ነው። እርሱም ይሠራል፤ ግን ለአንድ የጥርስ ብሩሽ ያን የሚያህል ከባድ ሳጥን ማቆም ለእኔ አይታየኝም። ለ220 ቮልት የተሠራ የዚያው ኩባንያ የቻርጀር መቀመጫ ለብቻው ይሸጣል፤ ዘመድ ከአውሮፓ ሲመጣ በኪሱ ሊያመጣው የሚችል ዕቃ ነው።

ቻርጀሩ አስቀድሞ ተሰክቶ ከተቃጠለ ብሩሹን ለመጣል አይቸኩሉ። በመቀመጫውና በእጀታው መካከል የሚነካካ ብረት የለም። መቀመጫው ውስጥ ያለው የተጠማዘዘ ሽቦ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ በእጀታው ውስጥ ያለው ሌላ ሽቦ ያንን ተቀብሎ ባትሪውን ይሞላል። ስለዚህ መቀመጫው ሲቃጠል እጀታው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ተመሳሳይ ብሩሽ ያለው ሰው ካለ በእርሱ መቀመጫ ላይ አስቀምጠው ይሞክሩት። የተቃጠለውን ግን እንዲጠገን አይስጡት፤ ውሃ እንዳይገባበት ተደፍኖ የተሠራ ነው፣ ከተከፈተ በኋላ በእርጥብ እጅ ሊነካ አይገባም። የተቃጠለ ሽታ ያለውን ወይም ፕላስቲኩ የቀለጠውን እንደገና መሰካትም አደጋ ነው። በሚሞላበት ጊዜ ትንሽ ለብ ማለት ግን የተለመደ ነው።

ቮልቱ ትክክል ሆኖ እየሞላ መሆኑን የምታሳየው የብሩሹ ትንሽ መብራት ካልታየችስ? ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ይሞክሩ። በመቀመጫው ጉጥና በእጀታው ሥር የደረቀ የጥርስ ሳሙና ካለ ነቅለው ይጥረጉ። ለወራት ሳይሞላ የቆየ ብሩሽ ምልክቱን ለማሳየት ግማሽ ሰዓት ያህል ሊወስድበት ይችላልና ይታገሡት።

ሞልቶ ሁለት ቀን አይቆይም

የመጀመሪያው ምክንያት ችኮላ ነው። ከዘመናዊዎቹ አንዳንዶቹ በሦስት ሰዓት ገደማ ይሞላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋሉ። እንደ ስልክ ለሁለት ሰዓት ሰክቶ የሚነቅል ሰው ምንጊዜም ግማሽ ባትሪ ይዞ ነው የሚውለው። አንዴ በደንብ ከሞላ ጠዋትና ማታ እየተጠቀሙበት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ስለዚህ መብራት መጥፋቱ ለዚህ ዕቃ ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ የሚዘልለው ነው። ቻርጀሩን ዘወትር ተሰክቶ ከመተው ሲያስፈልግ ብቻ ሰክቶ ሞልቶ መንቀል ይሻላል። መታጠቢያ ቤታችን ሶኬት ከሌለው እሰየው፤ ቻርጀሩ መኝታ ቤት ይቀመጥ፣ እጀታው ብቻ ይመላለስ።

ሙሉ ጊዜውን ሞልቶም ቶሎ ካለቀና ዕቃው ጥቂት ዓመታት ካገለገለ፣ ባትሪው አርጅቷል ማለት ነው። በአብዛኞቹ ላይ ባትሪው እንዲቀየር ተደርጎ አልተሠራም።

ሞልቶ እያለ ቁልፉ ሲጫን ካልተነሳ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ በራሱ እንዳይነሳ የሚያግደው የጉዞ መቆለፊያ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹን ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ በመያዝ፣ አንዳንዶቹን ቻርጀሩ ላይ በማስቀመጥ ይፈቱታል።

ድድ ይደማል

ደም ያየ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ «ብሩሹ ወጋኝ» ነው። ያንን ጎን ማጽዳት ያቆማል። በዚህም ነገሩ ይብሳል። ጤነኛ ድድ በለስላሳ ብሩሽ አይደማም። የሚደማው አብዛኛውን ጊዜ ፕላክ የሚባለው ተለጣፊ የባክቴሪያ ሽፋን በድዱ ጠርዝ ላይ ከርሞ ስላቆጣው ነው። የድሮው ብሩሽ ያልደረሰበትን ጠርዝ አዲሱ ስለደረሰበት ደሙ ታየ እንጂ ሕመሙ ቀድሞም ነበረ።

መፍትሄው ያንኑ ቦታ በለዘብታ ማጽዳቱን መቀጠል ነው። ለስላሳውን የብሩሽ ራስ (ጸጉር ያለውን ተነቃይ ጫፍ) ይምረጡ፣ ፍጥነት መቀነሻ ካለው በዝቅተኛው ይጀምሩ። መድማቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ካልሄደ ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂዱ። ጥርስ ከተነቃነቀ፣ መግል ከታየ፣ ሳይነካም ከደማ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም። ነፍሰ ጡሮች ድዳቸው በቀላሉ ይቆጣል። የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ላይ ደግሞ የድድ በሽታ ይበረታልና ምልክቱን ቸል ማለት አይገባም።

ቀዝቃዛ ነገር ያንዘፈዝፋል፣ ድድ ወደ ላይ ሸሽቷል

ይህ የእጅ ጥፋት ነው፤ ሥሩም የቆየ ልማድ ነው። በወይራ ወይም በልምጭ መፋቂያ ጥርሱን ሲፍቅ ያደገ ሰው ጽዳት ማለት ጉልበት ነው ብሎ ያምናል። በመፋቂያ ጊዜ ሥራውን የሚሠራው እጅ ነበርና ልክ ነበረ። እዚህ ግን ሥራውን የሚሠራው ሞተሩ ነው። በላዩ ላይ እጅም ከፋቀ፣ ያውም ከተጫነ፣ የጥርሱ አንገት ይበላል፣ ድድ ይሸሻል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነርቭ ድረስ ይሰማል።

እጀታውን በጡጫ ሳይሆን እስክሪብቶ በሚያዝበት ዓይነት በጣቶች ጫፍ ይያዙት። ክብ ራስ ያለውን በአንዱ ጥርስ ላይ ጥቂት ሰከንድ አሳርፈው ወደሚቀጥለው ይሻገሩ። ረዘም ያለ ራስ ያለውን፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚንቀጠቀጠውን፣ ወደ ድዱ ጠርዝ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለው በዝግታ ያንሸራቱት። በሁለቱም ወደ ፊትና ወደ ኋላ መፈተግ የለም። ግፊት ሲበዛ ቀይ መብራት የሚያበራ ብሩሽ ካለዎት መብራቱን ይስሙት። ከሌለዎት ጸጉሮቹን ይመልከቱ፤ በአንድ ወር ውስጥ ወደ ጎን ከተንጋደዱ እጅዎ ከብዷል።

ሎሚ፣ ለስላሳ መጠጥ ወይም ሌላ ጎምዛዛ ነገር ከወሰዱ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል አይቦርሹ፤ አሲዱ የጥርሱን ልባስ ለጊዜው ያለሰልሰዋል። ጥርስ አነጭ የሚባለውን ሻካራ ሳሙና ትተው ለሚያንዘፈዝፍ ጥርስ የተሠራውን ይጠቀሙ፤ ለውጡ የሚታየው ግን በሳምንታት ነው።

ሁለት ደቂቃ ቦርሼም ንጹሕ አይመስልም

እዚህ ምልክቱ አንድ ቢመስልም ምክንያቱ ብዙ ነው። ሁለቱ ደቂቃ በትክክል ተከፋፍሏል ወይ? አብዛኞቹ ብሩሾች በየ30 ሰከንዱ የሚቆራረጥ ምልክት የሚሰጡት አፍ ለአራት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ እኩል ጊዜ እንዲደርሰው ነው። ሰው ግን ፈገግ ሲል በሚታየው ላይ ደቂቃውን ይጨርሳል። ከታችኛው የፊት ጥርሶች በስተጀርባ ያለው ሁልጊዜ የተረሳ ቦታ ነው።

በዚያው ቦታ ላይ እንደ ጠጠር የደረቀ ነገር በምላስ የሚሰማ ከሆነ ፕላኩ ደንድኖ ካልኩለስ ሆኗል። የትኛውም ብሩሽ አያነሣውም። ክሊኒክ ሄዶ የጥርስ እጥበት ማድረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ካልኩለሱ ቶሎ እንዳይመለስ ብሩሹ ያዘገየዋል። በጥርስ መካከል የገባውንም ብሩሽ አያወጣውም፤ ለዚያ የጥርስ ክር አለ። ስቴኪኒ ለሥጋ ጭራሮ ይበጃል፣ ለፕላክ ግን አይረዳም፤ ድድንም ይወጋል።

ቡናማው ቀለም ለብቻው ይታይ። የቡና፣ የሻይና የጫት እድፍ በጥርስ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ብሩሹ በጊዜ ብዛት ይቀንሰዋል። በስምጥ ሸለቆ፣ በመተሐራ፣ በወንጂ ወይም በዝዋይ አካባቢ ላደገ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ አካባቢ ከሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ብዙው የያዘው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ጣሪያ ያልፋል። ጥርሱ በልጅነት ከድድ በታች ሲሠራ ቀለሙ ከውስጥ ገብቷል። እድፍ አይደለም፣ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም። በብሩሽ ቢፈተግ የሚያልቀው ቀለሙ ሳይሆን ጥርሱ ነው። ይህን ሳያውቁ ዕድሜያቸውን በሙሉ በፍተጋ የጎዱ ሰዎች አሉ፤ ያሳዝናል። የጥርስ ሐኪም እንደ ጥልቀቱ ላዩን በስሱ በማንሣት፣ በማንጣት ወይም በመሸፈን ሊያስተካክለው ይችላል።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር፦ በሚቆርቡበት ቀን ጠዋት አፋቸው ውሃ የማያስገቡ አሉ። ለእነርሱ ከመኝታ በፊት ያለው ብሩሽ ሊታለፍ አይገባም። ለሌላውም ቢሆን ከሁለቱ የሚበልጠው የማታው ነው፤ ሲተኙ ምራቅ ይቀንሳልና።

አዲሱ ራስ አይገጥምም

ራሱ በየሦስት ወሩ፣ ጸጉሩ ከተንጋደደም ከዚያ በፊት መቀየር አለበት። ምርጫው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የኦራል ቢ ክብ ራስ በፊሊፕስ እጀታ ላይ አይገባም። በአንድ ኩባንያ ውስጥም ቢሆን አይገባም የሚባል አለ፤ ለምሳሌ በ2020 የወጣው ኦራል ቢ አይኦ የቀድሞዎቹን ራሶች አይቀበልም። የሌላ ኩባንያ ርካሽ ራስ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ጸጉሩ በመጀመሪያው ሳምንት የሚረግፍ ወይም ሲገጠም የሚወላወል ከሆነ ግን ይጣል።

ገና ሊገዙ ከሆነ ጥያቄውን ከዚህ ይጀምሩ፦ ራሱን በአቅራቢያዬ አገኛለሁ ወይ? ቻርጀሩ 220 ቮልት ይቀበላል ወይ? ሰዓት ቆጣሪና የግፊት ምልክት አለው ወይ? ከዚህ ያለፈው፣ ስልክ ላይ የሚገናኘውና ሰባት ዓይነት አሠራር ያለው፣ ገንዘብ ለሚተርፈው ነው። የሚሽከረከረው ይሻላል ወይስ የሚንቀጠቀጠው የሚለው ክርክርም ከሚገባው በላይ ተጋንኗል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት በ2014 ባወጣው ጥናት፣ ከሦስት ወር በላይ በኤሌክትሪክ ብሩሽ የተጠቀሙ ሰዎች ከእጅ ብሩሽ ጋር ሲነጻጸሩ ፕላካቸው በ21 በመቶ፣ የድድ መቆጣታቸው በ11 በመቶ ቀንሷል። ጥሩ ልዩነት ነው፣ ተአምር ግን አይደለም። በእጅ ብሩሽ በትክክል የሚያጸዳና ሐኪሙ ያመሰገነው ሰው የግድ መግዛት የለበትም። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋውያንና ጣታቸውን መገጣጠሚያ ሕመም ለያዛቸው ግን ትልቅ እፎይታ ነው።

ይንኳኳል፣ ከሥሩም ጥቁር ነገር ይወጣል

ራሱ እስከ መጨረሻው አልገባ ይሆናል፤ አውጥተው ቀጥ አድርገው ይግጠሙት። በራሱና በእጀታው መካከል የምትታየው ስስ ክፍተት ግን ሆን ተብላ የተተወች ናት፤ ለመድፈን አይታገሉ። ጥቁሩ ዝቃጭ ምራቅና የሳሙና ትርፍ ተጠራቅሞ ነው። ሁልጊዜ ራሱን ነቅለው ሁለቱንም ለየብቻ ያጥቡ፣ ለየብቻም ያድርቁ። ውሃ በሌለበት ቀን አንድ ኩባያ ይበቃል። እጀታውን ውሃ ውስጥ ነክሮ መተው ግን አይገባም።

አረፋው መስተዋቱን ካለበሰ ብሩሹ ከአፍ ውጭ እያለ ተነሥቷል፤ ጥርስ ላይ ካሳረፉት በኋላ ያስነሡት፣ ሳሙናውም ከሽምብራ ፍሬ አይብለጥ።

ልጁ ይፈራዋል

ድምፁና ኩርኩሩ ነው የሚያስፈራው። መጀመሪያ ጠፍቶ ይያዘው፣ ቀጥሎ ተነሥቶ መዳፉን ይንካው፣ ከዚያ አንድ ጥርስ። አብዛኞቹ የልጆች ብሩሾች ከሦስት ዓመት ጀምሮ የተሠሩ ናቸው። እጀታውን ቤተሰቡ ሊጋራው ይችላል፤ ራሱ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የየግሉ ነው፣ ለመለየትም ባለ ቀለም ቀለበት ያላቸው አሉ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሳሙናው የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ በላይ ላለው የአተር ፍሬ ታህል ትሁን፤ እንዳይውጠውም ይትፋ። ፍሎራይድ በበዛበት አካባቢ ለሚያድግ ልጅ ምን ዓይነት ሳሙና እንደሚሻል ሐኪም ይጠየቅ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ልጁ ይጀምር፣ አዋቂ ይጨርስለት።