ከአደጋ የተረፉ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎችን እንዴት መመገብና መንከባከብ ይቻላል?

በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከኩዊንስላንድ እስከ ቪክቶሪያ ባሉት አካባቢዎች፣ ፍላይንግ ፎክስ የሚባሉ ትልልቅ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች በሺዎች ተሰብስበው ይኖራሉ። ሜልበርን የሚኖር አንባቢ በያራ ቤንድ ፓርክ ዛፎች ላይ ቁልቁል ተንጠልጥለው ሲውሉና ሲመሽ ሰማዩን ሞልተው ሲወጡ አይቷቸው ይሆናል። የአትክልት መረብ፣ እሾሃማ ሽቦ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ብርቱ ሙቀት በየዓመቱ ብዙዎቹን ይጎዳሉ። በኅዳር 2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኩዊንስላንድ ባለችው በኬርንስ ከተማ አካባቢ የሙቀት መጠኑ ከ42 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለፈባቸው ጥቂት ቀናት ብቻ ከ20,000 በላይ የሌሊት ወፎች ሞተዋል። ከዚህ በታች ጉዳት የደረሰባት የሌሊት ወፍ ከተገኘችበት ጊዜ አንሥቶ ወደ ዱር እስክትመለስ ድረስ የሚደረገው በቅደም ተከተል ተጽፏል።

1. በመጀመሪያ፣ አይንኳት

የመጀመሪያው እርምጃ እጅን መሰብሰብ ነው። አንዳንድ የሌሊት ወፎች በ1996 የታወቀውንና ከእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ጋር የሚዛመደውን ሊሳቫይረስ ይይዛሉ፤ በሽታው ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ስለዚህ እነዚህን እንስሳት መያዝ የሚፈቀድላቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰዱና የሠለጠኑ ሰዎች ብቻ ናቸው። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቢኖር ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላም ጉዳይ አለ፤ ሰው የነከሰች የሌሊት ወፍ ለምርመራ ሲባል እንድትገደል ሊወሰን ስለሚችል፣ በርኅራኄ የተዘረጋች ያልሠለጠነች እጅ የእንስሳዋን ሞት ልታስከትል ትችላለች።

በአካባቢዎ ላለው የዱር እንስሳት ነፍስ አድን ቡድን ይደውሉና እስኪመጡ ድረስ ሕፃናትንና ውሾችን ያርቁ። መሬት ላይ የወደቀች ከሆነ፣ ሳይነኩ ከላይዋ የካርቶን ሳጥን ወይም የልብስ ቅርጫት መድፋት ይቻላል። በሽቦ ወይም በመረብ የተያዘችን ግን ለማላቀቅ አይሞክሩ፤ ስትጎተት የክንፏ ስስ ቆዳ ይበልጥ ይቀደዳል። የሠለጠኑት ሰዎች ሽቦውን ከግራና ከቀኝ ቆርጠው፣ ቀሪውን ከነእንስሳዋ ወደ ሐኪም ይወስዱታል። እናት ከሆነች ደግሞ ክንፏ ሥር ግልገል አለመኖሩን ያያሉ፤ እናቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግልገላቸውን ሆዳቸው ላይ አጣብቀው ይዘው ይበርራሉና።

2. ማረፊያና የመጀመሪያ ሕክምና

የደረሰችበት ቦታ ጨለም ያለ፣ ጸጥ ያለና ሙቀቱ የተጠበቀ መሆን አለበት። ድንጋጤ ላይ ያለች እንስሳ ወዲያው ምግብ አይሰጣትም፤ ሰውነቷ እስኪሞቅ ይጠበቅና አስቀድሞ ማዕድናት ያለበት ፈሳሽ ይሰጣታል። የሕመም ማስታገሻና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ማቆያዋ ጣሪያው በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦ መሆን ይኖርበታል፤ እግሯን ሳይቆርጣት ተንጠልጥላ የምትሄድበት እርሱ ነውና። ሽንት ሲመጣት በአውራ ጣቶቿ ተንጠልጥላ ቀና ስለምትል፣ ክንፏ ተጎድቶ መገልበጥ ያቃታት እንስሳ ራሷን ታቆሽሻለች፤ ተንከባካቢው በለብ ያለ ውኃ ሊያጸዳት ይገባል። በሽቦ የደረሰ የክንፍ ጉዳት ሙሉ በሙሉ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ፣ ደም ያልደረሰው ቆዳ ሲሞት ነው። በመጀመሪያው ቀን ደኅና መስላ ብትታይ እንኳ ቸኩሎ መልቀቅ አይገባም፤ እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ትዕግሥት ነው።

3. የአዋቂዎች ምግብ

ከ600 ግራም እስከ 1 ኪሎ ግራም የምትመዝን አዋቂ በአንድ ሌሊት በግምት ከ300 እስከ 400 ግራም ፍራፍሬ ይቀርብላታል። የድብልቁ መሠረት አፕልና ፒር ሲሆን፣ ሜሎን፣ ወይን፣ ፓፓያ፣ ማንጎና ጥቂት ሙዝ ይጨመርበታል። አቮካዶ ለብዙ እንስሳት መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ አይገባበትም፤ ብርቱካንና ሎሚንም ተንከባካቢዎች ይተዋሉ። ሁሉም ፍሬ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር በሚሆን መጠን ይከተፋል። ይህ ለውበት አይደለም፤ ቁራጩ ትልቅ ከሆነ የወደደችውን መርጣ ሌላውን ትጥለዋለች፤ በላዩ የተነሰነሰው የፕሮቲን ዱቄትም ለሁሉም አይዳረስም። ዱቄቱን ማስቀረት አይቻልም፤ በዱር ፕሮቲን የምታገኘው በአመዛኙ ከአበባ ብናኝ ነውና፣ የገበያ ፍራፍሬ ይህን አይተካም።

ምግቡ ከመምሸቱ በፊት፣ ተንጠልጥላ ሳለ አፏ በሚደርስበት ከፍታ፣ በተሰቀለ ሳህን ይቀርባል። ብዙ እንስሳት በአንድነት ከሆኑ ሳህኖቹ ከቁጥራቸው ይብዙ፤ በማዕድ መጣላት ልማዳቸው ነው። ወለሉ ላይ ተጨምቆ የተተፋ አሰር ቢታይ አያስደነግጥ፤ ጭማቂውን መጥጠው አሰሩን መትፋት ተፈጥሯቸው ነው። ትርፉ ጠዋት ሳይቦካ ይነሣል፣ ንጹሕ ውኃም ሁልጊዜ ተሰቅሎ ይኖራል። ቢቻል አበባ ያወጣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይጨመርላቸው። በምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው ይህ ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን፣ እዚያ ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ ከሚያደርሱለት አንዷ ይህች የሌሊት ወፍ ናት።

4. ግልገሎች

እናት በዓመት አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች፤ ጭንቅላቱ ግራጫ የሆነው ዝርያ ግልገል ሲወለድ ወደ 80 ግራም ይመዝናል። እናቱን ያጣ ግልገል ክንፎቹ ታጥፈው በስስ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ እንደ እናት ሆድ የሚያቅፈው የተጠቀለለ ፎጣና የሚጠባው ትንሽ የጎማ ጡትም ይሰጠዋል። ወተቱ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ዱቄት ተበጥብጦ እንደ ሰውነት ሙቀት ለብ ያለ ሲሆን፣ ለትንንሾቹ በየ3 እስከ 4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ የቀኑ ድምር ከክብደቱ አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ይሆናል። የቀዘቀዘ ግልገል መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይመገባል፤ ቀዝቃዛ ሆድ ወተት አይፈጭም። እንደ ሰው ልጅ በጀርባው አስተኝቶ ማጥባት ደግሞ ወተቱን ወደ ሳንባ ሊሰደው ስለሚችል፣ ጭንቅላቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ እንዲጠባ ይደረጋል። ክብደቱና የክንዱ ርዝመት በየጊዜው ተለክተው ይመዘገባሉ፤ ዕድሜውም እድገቱም የሚታወቀው በዚያ ነው። ግልገል ብቻውን ማደግ የለበትም፤ ከእኩዮቹ ጋር ያላደገ ሰውን ዘመዱ አድርጎ ይቀራል።

5. ወደ ዱር መመለስ

ፍራፍሬ መብላትና መብረር የለመዱ ግልገሎች ከየቤቱ ተሰብስበው ወደ ሰፊ የመብረሪያ ማቆያ ይገባሉ፤ የሰው እጅም ከዚያ ጀምሮ ይርቃቸዋል። በመጨረሻም የዱር መንጋ ተንጠልጥሎ በሚውልበት አጠገብ ወዳለ ማቆያ ይወሰዳሉ። ከቀናት በኋላ አንድ ምሽት በሩ ይከፈታል፤ ምግቡ ግን ወዲያው አይቋረጥም። በዱር ምግብ መፈለግን እስኪለምዱ ለተወሰኑ ሳምንታት ሳህኖቹ በዚያው ይሰቀላሉ፣ መጠኑም የሚመለሱት እንስሳት ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል።