ማውሱ አልታዘዝ ሲል፦ ከመጣላችሁና ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ላፕቶፓቸውንና ማውሳቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ማራኪ በሚባለው ሰፈር ያለችው ቤታችን ጽሕፈትም፣ ፎቶ ኮፒም፣ ጥገናም ትሠራለች። «ልጄ፣ ይኼ ኮምፒውተር ቫይረስ ሳይገባበት አልቀረም፤ ቀስቱ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ። ሌላ ቦታ ወስደውት ፎርማት ይደረግ ተብለዋል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጥፋ ማለት ነው። ለዓመታት ሲጽፉት የኖሩት የቤተሰባቸው ታሪክ ውስጡ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

ማውሱን ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ ባለችው ቀዳዳ አንዲት ነጭ ክር ተጋድማለች። የጋቢ ክር ነበረች። በወረንጦ ሳብ አድርጌ አወጣኋት። ቀስቱ ረጋ።

«በቃ?» አሉኝ።

«በቃ ጋሼ፣ ሌላ ምንም የለበትም» አልኳቸው።

ማውስ ያስቸገረው ሰው ወይ ኮምፒውተሩን ይወቅሳል፣ ወይ ራሱን። «እኔ አይሆንልኝም» ብለው ኮምፒውተር መማር የተዉ ሰዎች ገጥመውኛል። ቀርቤ ሳይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጃቸው አልነበረም። ይህ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ሰዎች ችግሩን ይዘው ሲመጡ በሚሉት አባባል እየጀመርኩ፣ ምክንያቱንና መፍትሄውን ልንገራችሁ።

አንድ ነገር ግን ይቅደም። ማውሱን ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። እዚያም ካስቸገረ ጥፋቱ የማውሱ ነው። እዚያ ከሠራ ኮምፒውተሩን እንመለከታለን። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው ሦስተኛ አለ፤ ጠረጴዛው።

«ቀስቱ ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም አልሄድ ይላል»

የዛሬ ማውስ ሆዱ ውስጥ ትንሽ መብራትና ትንሽ ካሜራ አለው። ካሜራው የጠረጴዛውን ገጽ በሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶ ያነሳል። አንዱን ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ያስተያያል። እጃችሁ ወዴት እንደሄደ የሚያውቀው በዚህ ነው። እንግዲህ ካሜራው የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል፤ የእንጨት መስመር፣ የጨርቅ ሽመና፣ የወረቀት ሻካራነት።

አሁን ቢሮዎቻችንን አስቡ። ጠረጴዛው ላይ መስታወት ተነጥፏል። ከመስታወቱ ሥር የልጆች ፎቶ፣ የስልክ ቁጥሮች፣ ያለፈው ዓመት ካላንደር። ለዓይን ያምራል። ለማውስ ግን መስታወት ባዶ ሜዳ ነው። መብራቱ ወይ ያልፋል ወይ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ፎቶዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆኑበታል። ፒያሳ አካባቢ ቢሮ የምትሠራ አንዲት እህት በዚህ የተነሳ ሦስት ማውስ ቀይራለች። ሦስቱም ደህና ነበሩ።

መፍትሄው አንድ ነጭ ወረቀት ነው። ከማውሱ ሥር አንጥፉና ሞክሩ። ቀስቱ ከተስተካከለ ነገሩ ተገኘ። ማውስ ፓድ ብትገዙ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ወፍራም ካርቶን ወይም የደብተር ሽፋን ይበቃል። የሚያብለጨልጭ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ልብስም ያው እንደ መስታወቱ ያስቸግራል።

ወረቀቱ ለውጥ ካላመጣ ማውሱን ገልብጡ። በክረምት ብርዱ ስለሚበረታ ቢሮም ቤትም ጋቢና ፎጣ ለብሰን እንቀመጣለን፤ የጥጥ ክሩ በቀላሉ ወደ ቀዳዳዋ ይገባል። በበጋ ደግሞ አቧራው አለ። አንዲት ፀጉር ብትሆን እንኳ ካሜራው ፊት ከቆመች ቀስቱን ታስጨፍራለች። ማውሱን ንቀሉ። ቀዳዳዋን እፍ በሉባት። ከዚያ ጆሮ ማጽጃ ጥጥ አልኮል ትንሽ አስነክታችሁ በቀስታ ጥረጉ። ሹል ነገር አትክተቱ፤ ሌንሱን ይጭረዋል። እግሮቹ ላይ የተጋገረውን ጥቁር እድፍም አብራችሁ አንሱት፤ ማውሱ የሚጎተተው በእሱ ነው።

ቀስቱ የማይንቀጠቀጥ ግን ከእጃችሁ ፈጥኖ የሚፈተለክ ከሆነ ይህ ብልሽት አይደለም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የማውሱን ፍጥነት ቀንሱት። ለጀማሪ ዝግ ያለ ቀስት ይሻላል፤ ልምድ ሲመጣ ከፍ ይደረጋል።

«አንዴ ስነካው ሁለቴ ይቆጥራል»

ፋይል ለመምረጥ አንዴ ትነካላችሁ፤ ይከፈታል። ጎትታችሁ ልትወስዱት ስትሉ መንገድ ላይ ይወድቃል። ይህ እውነተኛ ብልሽት ነው። ከግራው ቁልፍ ሥር ትንሽ ስዊች አለች። ውስጧ ቀጭን የብረት ምላስ አለ፤ ስትጫኑት ወርዶ ይነካል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ስዊቿ በጣም ብዙ ጊዜ እንድትነካ ተደርጋ የተሠራች ናት፤ ቀኑን ሙሉ ጽሕፈት በሚሠራበት ቤት ግን ምላሱ ይደክማል፣ ወይም መነካኪያው ይቆሽሻል። ያኔ አንዱ ንክኪ ይነጥርና ኮምፒውተሩ ሁለት ብሎ ይቆጥረዋል።

ሶፍትዌር አያድነውም። ማውሱን ከፍቶ ስዊቿን መቀየር ነው። ብሎኑ ብዙ ጊዜ የተደበቀው ከእግሮቹ ሥር ነው፤ ካልታያችሁ እግሩን በቀስታ አንሱ። ብየዳ የማትችሉ ከሆነ ለሚችል ሰው ስጡ፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

«ሁለቴ ስነካው አይከፍትልኝም»

ይህኛው የተገላቢጦሹ ነው፤ ምክንያቱም ሌላ ነው። ማውሱ ጤነኛ ነው። ዊንዶውስ ሁለቱን ንክኪ እንደ ደብል ክሊክ የሚቆጥረው በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ ከተከታተሉ ነው። በዕድሜ ለገፉና ለጀማሪዎች ይህ አጭር ነው። በዚያ ላይ በሁለቱ መካከል እጃቸው ትንሽ ይንሸራተታል፤ ፋይሉ በመከፈት ፈንታ ቦታ ይቀይራል።

እባካችሁ አባት እናታችሁን ስታስተምሩ «ቶሎ ቶሎ ንኩት» አትበሏቸው። ኮምፒውተሩን አዝግሙላቸው። ከማውሱ ሴቲንግ ውስጥ የደብል ክሊክ ፍጥነት የሚለውን ወደ ዝግታው ሳቡት። እጃቸውንም አሳርፉላቸው፤ መዳፍ በማውሱ ላይ ይጋደማል፣ የእጅ አንጓ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ፣ የሚንቀሳቀሰው ጣት ብቻ ነው። ከሁሉም የሚቀለው ግን አንዴ ነክቶ ኢንተርን መጫን ነው። ያው ሥራ ነው። እኒያ መምህር አሁን የሚሠሩት እንዲህ ነው።

«ገመድ አልባው ይቆራረጣል»

ድንጋዩን ቀይሩ። ይህን ሳይሞክሩ የሚመጡ ብዙ ናቸው። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ማውሱ በአንዴ አይሞትም፤ መጀመሪያ ይዘገያል፣ ከዚያ ይቆራረጣል። ሰው ኮምፒውተሩ የከበደው ይመስለዋል።

ድንጋዩ አዲስ ከሆነ ሪሲቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የማውሱን ሬዲዮ የሚቀበለው ትንሽ ዕቃ፣ የት እንደተሰካ እዩ። ኮምፒውተሩ ከጠረጴዛ ሥር ሆኖ ሪሲቨሩ ከኋላው ከተሰካ፣ በማውሱና በሪሲቨሩ መካከል ብረት ቆሟል። ወደ ፊት አምጡት። ሌላም አለ። እነዚህ ማውሶች በ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ነው የሚነጋገሩት። ዩኤስቢ 3 ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ፖርት (መሰኪያ ቀዳዳ)፣ ሥራ ላይ ሲሆን በዚያው አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ያወጣል። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ከሃርድ ዲስክ ሲገለብጡ ማውሳቸው የሚደነዝዝባቸው ተማሪዎች በየዓመቱ ይመጣሉ። ሪሲቨሩን ከሃርድ ዲስኩ አርቃችሁ ሌላ ፖርት ላይ ሰኩት።

ሪሲቨሩ ከጠፋ ግን ያስቸግራል። የሌላ ማውስ ሪሲቨር አይሠራለትም። ብርቱካናማ የኮከብ ምልክት ያላቸው አንዳንድ የሎጊቴክ ማውሶች በዚሁ ምልክት ካለው ሌላ ሪሲቨር ጋር ይላመዳሉ፤ አብዛኛው ማውስ ግን ይህ የለውም። ቦርሳ ስታዘጋጁ ሪሲቨሩን ድንጋዩ ቤት ውስጥ ባለችው ማስቀመጫ ክተቱት።

«ጭራሽ ሞቷል»

ሥራ ላይ ሳላችሁ ከሞተ መጀመሪያ ጽሑፋችሁን አድኑ። ኮንትሮልን ተጭናችሁ ኤስን ንኩ። ለዚህ ማውስ አያስፈልግም። የቁጥር ሰሌዳ ያለው ኪቦርድ ከሆነ ግራውን ኦልት፣ ግራውን ሺፍትና ነምሎክን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ለሚመጣው ጥያቄ ኢንተር በሉ። ከዚያ በቁጥሮቹ ቀስቱን መንዳት ትችላላችሁ፤ 8 ወደ ላይ፣ 2 ወደ ታች፣ 4 ወደ ግራ፣ 6 ወደ ቀኝ፣ 5 ክሊክ ነው።

አሁን ማውሱን ገልብጡ። ከሥሩ የማብሪያ ማጥፊያ ካለው ጠፍቶ እንዳይሆን። ባለገመድ ከሆነ መብራቱን እዩ፤ ካልበራ ፖርት ቀይሩ። ገመዱን ከማውሱ አንገት ላይ ወዲህ ወዲያ ስታጥፉት ብልጭ ድርግም ካለ ውስጡ ተቆርጧል። ገመዱን ማውሱ ላይ ጠምጥሞ ማስቀመጥ ነው እዚያ ቦታ ላይ የሚቆርጠው። ሰፋ አድርጋችሁ ሰብስቡት። ክብ መሰኪያ ያለው የድሮ ማውስ ከሆነ አረንጓዴው ላይ ሰክታችሁ ሪስታርት አድርጉ፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ ቢሰካ ብዙ ጊዜ አይታወቅም።

ላፕቶፕ ላይ ትንሽ ሲቆይ እየሞተ ከነቀሉት በኋላ የሚነሳ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ፖርቱን እያጠፋው ይሆናል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስንሠራ ይህ ይበዛል። የኮምፒውተሩ ዕቃዎች በሚዘረዘሩበት ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የዩኤስቢ ሃብ (የፖርቶቹ መገናኛ) የሚለውን ከፍታችሁ፣ ኃይል ለመቆጠብ እንዲጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ።

ብልሽት የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። ጽሑፉ በድንገት ከገዘፈ ኮንትሮል ተጭኖ ሳለ ስክሮሉ ዞሯል፤ ኮንትሮል ይዛችሁ መልሳችሁ አዙሩት። ግራና ቀኙ ከተለዋወጠ አንድ ግራኝ ተጠቅሞበት ሄዷል፤ ሴቲንግ ውስጥ ዋናውን ቁልፍ ወደ ግራ መልሱ።

«እጄን ያመኛል»

ማውሱን ከኪቦርዱ አጠገብ አምጡት። ርቆ ሲቀመጥ ትከሻ ይሳባል፣ አንጓም ይጠመዘዛል። አጥብቃችሁ አትጨብጡት። ጣት መደንዘዝ ከጀመረና ካልተዋችሁ ሐኪም ይያችሁ፤ ይህን በማውስ መቀየር አትለፉት።

የማይድን ሲገጥማችሁ፣ ገመዱም አልቆ ካሜራውም ሞቶ ከሆነ፣ አዲስ ግዙ። አሮጌውን ግን አትጣሉት። የቀኙ ቁልፍ እንደ ግራው ስለማይነካ ስዊቿ ገና ደህና ናት። የእኛ መሳቢያ በእንዲህ ዓይነት ማውሶች የተሞላ ነው። አንዴ ሲነካ ሁለቴ የሚቆጥር ማውስ ይዞ ለሚመጣ ሰው፣ ስዊቹን የምናወጣለት ከእነሱ ነው።