አረጋውያን የሚጦሩበትን ቤት ሲመሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት አንድ ቤት ለጥቂት ዓመታት አስተባባሪ ነበርኩ። የቤቱ ስም ይቅር። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ማንንም ለማማት አይደለም።

ጥፋቱን የተናገረን መቅጣት

ከዚህ ልጀምር። ሌሎቹ ብዙዎቹ ከዚህ ነው የሚወለዱት።

ከአልጋ መነሳት የማይችሉ አንዲት እናት ነበሩን። እንዲህ ያለ ሰው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መገላበጥ አለበት። ካልሆነ አጥንት የሚጫነው ቦታ፣ ዳሌው፣ ተረከዙ፣ ከወገብ በታች ያለው፣ ደም እያጣ ይቆስላል። አንድ ጠዋት ገላቸውን የሚያጥቡት ልጆች ጠሩኝ። ከወገባቸው በታች መዳፍ የሚያህል ቁስል። የአንድ ሌሊት ቁስል አልነበረም። የርክክብ መዝገቡን ገለጥኩ። አምስት ቀን ሙሉ "በሰላም አድረዋል" ይላል። አምስቱም ቀን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት። ባንድ ቁጭታ ነው የተሞላው ማለት ነው።

ለካ አንዷ ተንከባካቢ ከሳምንት በፊት አይታዋለች። በጠይም ቆዳ ላይ የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ላይሆን ይችላል፤ ጠቆር ይላል፣ ሲነኩት ይሞቃል ወይ ጠንከር ይላል። ልጅቷ ይህን ታውቃለች። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። መሬት መሬቱን እያየች፣ "እትዬ፣ ያቺ የተናገረችው ምን እንዳገኛት አይቻለሁ" አለችኝ።

ያቺ የተናገረችው ማን መሰለቻችሁ። አንድ አባት መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ሲወድቁ ሮጣ መጥታ የነገረችኝ ልጅ ናት። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ጮህኩባት፤ በማግስቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኋት። ሠራተኛው ሁሉ ያን ቀን ትምህርቱን ወሰደ። ያስተማርኩት ግን "ተጠንቀቁ" የሚለውን አልነበረም። "ደብቁ" የሚለውን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕጉን ገለበጥነው። በዕለቱ የተነገረ ጥፋት አያስቀጣም፤ የተደበቀ ያስቀጣል። (ማንጓጠጥና እጅ ማንሳት ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱ ላይ ድርድር የለም።) የሰኞ ግምገማውንም ተውነው። ግምገማ የምንለው ነገር ሰው ሰውን የሚያጋልጥበት ስብሰባ ነበር። በምትኩ ፈረቃ ሲቀያየር አንድ ሩብ ሰዓት ቡና ላይ እንቀመጥ ጀመር። አቦሉ ሳያልቅ የማታዋ ሁሉንም ትነግረናለች። ማን ሳለ፣ ማን ሳይበላ አደረ፣ ማን ሌሊቱን ልጁን ሲጣራ ነጋ። ያንን ወረቀት ላይ አታገኙትም።

በጽድቅ ስም ደመወዝ ማዘግየት

"ጽድቅ ነው እኮ።" "አጅሩን ከአላህ ታገኙታላችሁ።" ሁለቱንም ብያለሁ፣ እንደ ሰሚዋ። ጽድቁ እውነት ነው፤ የቤት ኪራይ ግን በጽድቅ አይከፈልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለኛም ሠራተኛ ይሠራል። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓት ደመወዙ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ገንዘብ ከሌለ የለም ማለት ይሻላል፣ የሚከፈልበትን ቀን ቆርጦ። ሰው እጥረትን ይችላል። መታለልን ግን አይችልም፤ ንዴቱንም አለቃው ላይ አይወጣም፣ አልጋ ላይ በተኛው ላይ ነው የሚወጣው።

ወጥ ቤቱን "ትንሽ ነገር" ማለት

ወሎ ውስጥ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ያረጃሉ። ቡናው አንድ ነው፣ ምርቃቱ አንድ ነው። ሥጋው ግን ለየቅል ነው። ይህን የማያውቅ ወሎዬ የለም፤ ሥራ ሲበዛ ግን ይረሳል።

አንድ ሼህ ነበሩን። ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ ሲቀርብላቸው "አልራበኝም፣ አብሽሩ" እያሉ መለሱት። መዝገቡ ላይ "የምግብ ፍላጎት ቀንሷል" ተባለ። ሐኪም ቤት ልንወስዳቸው መኪና እየፈለግን ሳለ ልብስ የምታጥበው ሴትዮ ጠጋ ብላ፣ "ጭልፋው ነው እኮ" አለችኝ። አዲሷ ወጥ ሠሪ ለሁለቱም ድስት አንድ ጭልፋ ስትጠቀም አይተዋታል። ሰው ላለማስቀየም ዝም ብለው ጾማቸውን አደሩ። ነገሩን ሦስት ሰው ያውቀው ነበር። እኔ ብቻ አላወቅኩም።

ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ ቢላውን ለያይተን በቀለም ምልክት አደረግንበት። ሌላው የጾም ነገር ነው። ረመዳን ሲገባ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንት "እጾማለሁ" ይላሉ፤ በዐቢይ ጾምም እንዲሁ። እዚህ ላይ ተንከባካቢዋን ከሳቸው ጋር አታከራክሩ። ኢማሙን ጥሩላቸው፣ የንስሐ አባታቸውን ጥሩላቸው። "ለሕመምተኛ ተፈቅዷል" የሚለው ቃል ከሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አፍ ሲወጣና ከኢማሙ ወይ ከንስሐ አባቱ አፍ ሲወጣ አንድ አይደለም።

የበዓል ፈረቃውን ግን ለሠራተኞቹ ተዉት። ለፋሲካ ሙስሊሞቹ ይገባሉ፣ ለዒድ ክርስቲያኖቹ። ማንም ሳያዝ ሲያደርጉት የኖሩት ነው። እኔ "ሥርዓት ላስይዝ" ብዬ ሰሌዳ አውጥቼ አንድ ዓመት አበላሸሁት።

ዳይፐር እየቆጠሩ መቆጣት

በየፈረቃው ስንት እንደወጣ እቆጥርና "ማነው ያበዛው?" እል ነበር። መልሱ ቶሎ መጣ። ማታ ማታ ለሽማግሌዎቹ ውሃ መስጠት ቀረ። አረጋዊ ድሮውንም ጥማቱ ብዙ አይሰማውም። ውሃ ሲያንሰው ይደርቃል፣ ሆዱ ይታሰራል፣ አንዳንዱም ነገር ይምታታበታል። እኛ "አርጅተው ነው" እንል ነበር። የቆጠራውን ወረቀት ቀደድኩት።

ለእንግዳ ሌላ ቤት መሆን

ሰርግ፣ ልደት፣ ተዝካር፣ ሰደቃ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ ያብዛልን። ስህተቱ አዲሱን አንሶላ ከተቆለፈው መጋዘን አውጥቶ፣ መኪናው ከግቢ ሲወጣ ማጠፍ ነው። አንሶላውን የሚያጥፈው ሠራተኛ እንክብካቤው ለማን እንደሆነ ያኔ ይገባዋል።

የሰውን ታሪክ ሳይነግሩ ሠራተኛ ማሰማራት

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጥረጊያው የት እንዳለ እናሳየዋለን። አልጋ 6 ላይ ማን እንደተኛ ግን አንነግረውም። አንዲት እናት ዳቦ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ትራስ ሥር ይደብቃሉ። አዲሷ ልጅ "አይጥ ያመጣል" ብላ ጣለችው። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ አለቀሱ፤ ምራቃቸውንም ተፉባት። ልጅቷም ልትለቅ ነበር። እሳቸው በ1977ቱ ረሃብ ልጆች የቀበሩ ናቸው። ይህን ስትሰማ ልጅቷ ራሷ ክዳን ያለው ቆርቆሮ አመጣች። ማታ ማታ የትናንቱን ዳቦ አንስታ ትኩስ ታስቀምጥላቸዋለች። "አልጋ 6" ማለቷንም እዚያው ተወችው። አሁን "እማማ፣ አንቱ" ነው።

ሌሊቱን አለማየት

ሁለት ዓመት ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ያለውን ቤት አላውቀውም ነበር። የደሴ ሌሊት እንኳን ለአረጋዊ ለወጣትም ይከብዳል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ቅዝቃዜ ልብስ አይበግረውም። አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሳልናገር ሄድኩ። ልቆጣጠር ነበር ሐሳቤ። አንዲት ልጅ ብቻዋን አሥራ አራት ሰው ይዛለች። ከአልጋ የማይነሱትን እናት ልታገላብጥ ትታገላለች። ስታየኝ ደነገጠች። ከዚያ ደግሞ ላብዋን በክንዷ ጠረገችና፣ "እትዬ፣ እባክዎ፣ በዚያ በኩል አንሶላውን ይያዙልኝ" አለች።

ያዝኩላት።