የእንግሊዝኛ ቃል ጭራውን እዩት
እንግሊዝኛ የምትማሩ ልጆች፣ አዲስ ቃል ሲገጥማችሁ ጭራውን እዩት፣ እውነት በጣም ያቀልላችኋል። ኬርፉል ጠንቃቃ ነው፣ ‹ፉል›ን አንስታችሁ ‹ለስ› ስትቀጥሉበት ኬርለስ፣ ግዴለሽ ይሆናል። ‹ነስ› ደግሞ ልክ እንደኛ ‹ነት› ነው፣ ካይንድ ደግ፣ ካይንድነስ ደግነት። በተለይ የስራ ፎርም ስትሞሉ ኢምፕሎየር እና ኢምፕሎዪ እንዳይምታታባችሁ፣ የመጀመሪያው ቀጣሪው ነው ሁለተኛው ተቀጣሪው፣ እኛ ‹ተ›ን ከፊት እንደምናመጣው እነሱ ‹ኢ›ን ከኋላ ይቀጥላሉ፣ እኔ አንዴ ኢምፕሎየር በሚለው ቦታ የራሴን ስም ጽፌ ፎርሙን እንደ አዲስ አስሞልተውኛል። ግን በጭራው ብቻ አትፍረዱ እሺ፣ ፕራይስለስ ዋጋ ቢስ ሳይሆን በዋጋ የማይተመን ማለት ነው፣ ዋጋ ቢሱ ዎርዝለስ ነው።