ሼልቲ ውሻን በአዲስ አበባ ዳርቻ እንዴት መያዝ ይቻላል?

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ አካባቢ ግቢ ያለው ሰው ውሻ ሲያስብ ቶሎ የሚታየው ግዙፍ የጥበቃ ውሻ ነው። ሼልቲ እንደዚያ አይደለም። ሙሉ ስሙ ሼትላንድ ሺፕዶግ ነው፤ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ካሉት የሼትላንድ ደሴቶች የመጣ የበግ እረኛ። ከመሬት እስከ ትከሻው ከ33 እስከ 41 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለጋችሁት ወስኑ። ለጥበቃ ከሆነ ይቅርባችሁ። እንግዳ ሲያይ አጥብቆ ይጮኻል፣ ሌባ ግን አያቆምም። ጅብ በሚያልፍበት ሰፈር ደግሞ ማታ ቤት ውስጥ፣ ካልሆነም በሩ በሚዘጋ ጠንካራ የውሻ ቤት ይደር።

ቀጥሎ ሥራ ስጡት። ይህ ውሻ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ መዋል አይችልም፤ መጮህና መቆፈር ይጀምራል። ጠዋትና ማታ አውጡት። የእረኝነት ጠባዩ በደሙ ስላለ የሚሮጥ ነገር ካየ ይከተላል፤ ልጆችን ይከባል፣ የጎረቤት በግ ይነዳል፣ ባጃጅ ያባርራል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሲጠራ መምጣትን አስተምሩት። አንገት ማሰሪያው ላይ ረዘም ያለ ገመድ እሰሩ። ራቅ በሉና ስሙን ጠርታችሁ «ና» በሉት። እንደመጣ ቁራሽ የተቀቀለ ጉበት ስጡት። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ በር ላይ፣ በኋላ በግ ባለበት ሜዳ ደጋግሙት። እንቢ ካለ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ዘግይቶ ቢመጣም አትቆጡት። ሼልቲ ልቡ ስስ ነው፤ ጩኸት ያሸማቅቀዋል፣ በለሰለሰ ድምፅ ግን ቶሎ ይማራል።

ጸጉሩ ሁለት ድርብ ነው፤ ከላይ ረጅምና ሻካራ፣ ከሥር ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ። በሳምንት አንድ ሁለቴ ውሃ ረጨት አድርጋችሁበት ከቆዳው ጀምራችሁ አበጥሩት። ከጆሮው ኋላና ከብብቱ ሥር ቶሎ ይቋጠራል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ጭጎጎት እዚያው ይሰገሰጋል፤ በጣት እየፈለጋችሁ አንድ በአንድ አውጡለት። በሙቀት ብላችሁ እንዳትላጩት፣ ያ ጸጉር ከፀሐይም ከብርድም ይከልለዋል።

ምግብ ላይ አንድ ልማድ መተው አለበት፤ ወጥ የነካው እንጀራ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያበላሻሉ። የበሰለ አጥንትም ተሰብሮ አንጀት ይወጋል። ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ከሩዝ ጋር ይስማማዋል።

ክትባቱን አታሳልፉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይጀመራል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው መድኃኒቱን ነው። ዳርቻው ላይ የከብት መድኃኒት በቀላሉ ይገኛል። ውሻው እከክ ሲይዘው «ከላሟ የተረፈውን አይቨርሜክቲን ውጉት» የሚል አይጠፋም። በፍጹም! አንዳንድ ሼልቲዎች ኤምዲአር1 የሚባለው ጂናቸው ላይ ጉድለት አለባቸው፤ በዚህ የተነሳ መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው ዘልቆ ይገባል። በከብት መጠን ከተወጋ ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሞትም ይችላል። ለሰው ተቅማጥ የሚወሰደው ሎፐራማይድም ለእነዚህ ውሾች አደገኛ ነው። የእንስሳት ሐኪም ጋ ስትሄዱ ከመርፌው በፊት ዝርያውን ተናገሩ፣ ክትባት ካርዱም ላይ አስጽፉት። መዥገር ካገኛችሁበት በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ነጭ ጋዝ አታፍሱበት።